በሚካኤል ስም የገዘትኩት

መስከረም 5

ይህን ደብተር የሰጠኝ አብዱረዛቅ ነው። ቁይ ገበያ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ስቆጣ ሰምቶኝ፣ «አባ፣ ይህን ሁሉ ንዴት ሰው ላይ ከሚያፈሱት እዚህ ላይ ያፍስሱት» ብሎ ከመደርደሪያው አንሥቶ አቀበለኝ። የተማሪ ደብተር ነው። ገዢ ካጣ ሁለት ዓመት እንደሆነው ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፣ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ተማሪ በሌለበት አገር ደብተር ማን ይገዛል?

ትምህርት ቤታችን ዝግ ነው። ጫካ የገቡት «ጦርነት ላይ እያለን ትምህርት የለም» አሉ፤ መንግሥት «እናስከፍታለን» አለ፤ ሁለቱም አሉ እንጂ አንድ ልጅ ሀ አላለም። ዛሬ በዚያ ሳልፍ በሰባተኛ ክፍል መስኮት አንዲት ላም አንገቷን አውጥታ አየችኝ። ተረጋግታ ታመሰኳለች። ርእሰ መምህሩ ፍሥሐ ንብ ማነብ ጀምሯል። ማሩ ጥሩ ነው አሉ። እኔ ግን ማር ሊያነብ አልነበረም ከተማ የተላከው።

ልጄ ማርያማዊት ሰባተኛ ክፍል ላይ እንደቀረች ናት። ያኔ የምታነበውን መጽሐፍ ዛሬም ታነበዋለች። በቃሏ ይዛዋለች መሰለኝ።

የብርጓል፣ ባለቤቴ፣ «አንተ ሚካኤልን አገልግል፤ ትምህርት ቤቱ ባለቤት አለው» አለችኝ። «ማነው ባለቤቱ?» ስላት ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ቄስ ነኝ፣ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም። ይህ ከመጀመሪያው ተጽፎ ይቀመጥ። ግን ያሰብኩት አለ። ለሚካኤል ቀን።


መስከረም 12፣ ሚካኤል

ገዘትኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ደረጃው ላይ ቆምኩና መስቀሌን ከፍ አደረግሁ። «ልጅን ከትምህርት ያስቀረ፣ የትምህርት ቤት በር የዘጋ፣ የተማሪ መንገድ የከለከለ፣ ባለ ጠመንጃ ይሁን ባለ ወንበር፣ ሩቅ ይሁን ቅርብ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በሚካኤል ስም ገዝቻለሁ!» አልኩ።  ከዚያ አንድ ሽማግሌ «አሜን» አለ፣ ከዚያ ሁሉም። ሴቶች እልል አሉ። ሰውነቴ እስካሁን ይሞቀኛል።

ግዝት ቀልድ አይደለም። ግዝት የጣሰ መስቀል አይሳለምም፣ አይቆርብም፣ ቢሞት ፍትሐት የለውም፤ ጥፋቱን ካልተወና የገዘተው ካህን ካልፈታው በቀር። በዚህ አገር ጥይት የማይፈራ ሰው ሞልቷል። ግዝት የማይፈራ ግን አላየሁም።

የኔታ ወልደ ሰንበት፣ ዳዊት ያስተማሩኝ፣ ዛሬም አብረን የምንቀድሰው፣ በበትራቸው ጎኔን ነካ አደረጉኝ። «እንዳላማው፣ ‹ማንም› ማለት አልነበረብህም። ‹ማንም› ብዙ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ የኔታ።»

«አታውቅም» አሉኝና ሄዱ። ሰው ሲያረጅ ሁሉን ይፈራል።

የብርጓልን «እንዴት ነበር?» አልኳት። «ድምፅህ ደህና ይሰማ ነበር» አለች። አሜን ስትል አላየኋትም። ሴቶቹ በኩል ፀሐይ ስለነበር ይሆናል።


መስከረም 14

ማርያማዊት አምበር ከተማ፣ አክስቷ ቤት ሄዳለች። አክስቷ አራስ ናት፣ የብርጓል ልካት ነው። «ትምህርት ሊከፈት ነው እኮ» ብላት «ለሳምንት ነው» አለች። ይሁን። አራስ ማገዝ ጽድቅ ነው።


መስከረም 19

ተከፈተ! ከግዝቱ ወዲህ የሚከለክል ደፋር ጠፋ። ላሚቱ ወጣች። ልጆቹ ራሳቸው ጠረጉት። አንዳንዱ ሁለት ዓመት አድጎ በድሮው ወንበር ጉልበቱ አልገባም። ፍሥሐ ደወሉን ከመምታቱ በፊት አቧራውን በእጅጌው ወለወለ፤ ሰው እንዳያየው ዞር ብሎ ነበር። እኔ አየሁት።

ስለ ማርያማዊት ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ስለ ወንበሮቹ አነሣሁበት። ወንበሮቹ በእውነት ጥገና ይፈልጋሉ።


መስከረም 24

ዛሬ ለስብሰባ ተጠርቼ ነበር። የጠራኝ ገዳሙ ነው። ገዳሙ የዚህ ቀበሌ ልጅ ነው፣ አሁን ባለሥልጣን ሆኗል፣ የንስሐ አባቱም እኔ ነኝ። ሄድኩ። ስለ ትምህርት ነው ብለውኝ ነው የሄድኩት። ከፊት አስቀመጡኝ፤ ከኋላዬ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ምን እንደተጻፈበት ዞሬ አላነበብኩም። ገዳሙ ተነሥቶ «አባታችን እንዳሉት፣ የሰላም ጠላቶችን ቤተ ክርስቲያንም ገዝታቸዋለች» አለ። እንዲያ አላልኩም። ልናገር ማይክ ስቀበል ግን አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም ስለ ልጆቹ ብቻ ተናገርኩ። ደህና አድርጌ ተናገርኩ።

ጭብጨባው ደስ አላለኝም።

ትንሽ ደስ ብሎኛል።


መስከረም 28

ቁይ ገበያ ወረድኩ። አብዱረዛቅ ስልኩን አሳየኝ። እኔ ነኝ፣ ከገዳሙ ጎን፣ ከዚያ ጨርቅ ሥር። ጨርቁ ላይ የተጻፈውን አሁን አነበብኩት፤ ስለ ትምህርት አንድ ቃል የለበትም። ከሥሩ ሰው ስድብ ደርድሯል። «ደህና ወጥተዋል፣ ጥምጥሙም አላጋደለም» ይለኛል ይህ ሰውዬ። ካልቀለደ አይሆንለትም። ጨው ተራ በኩል ሳልፍ አንዲቱ ለሌላይቱ «ቄሱንም ገዟቸው» ስትል ሰማሁ። ዞሬ «ስንት አሉሽ?» ልላት ነበር። ዋጥ አደረግሁት።

የሆነው ሆኖ ልጆቹ እየተማሩ ነው። ማንም የፈለገውን ይበል።

ሌላም ነገር አለ። አብዱረዛቅ ባለፈው ሳምንት ለዕቃ አምበር ሄዶ ነበርና «የባለቤትዎን እህት አየኋት፣ በርበሬ ስትሸጥ፣ ደህና ናት» አለኝ። አራስ ገበያ ወጥታ በርበሬ አትሸጥም። ሌላ ሰው አይቶ ይሆናል። አብዱረዛቅ ዓይኑም እየደከመ ነው።


ጥቅምት 4

ደመላሽ አስጠራኝ።

ደመላሽን ያጠመቅሁት እኔ ነኝ፣ ያቆረብኩትም እኔ ነኝ። አሁን ጫካ ገብቶ ከወንዙ ማዶ ያለው ሁሉ በእሱ እጅ ነው። ሁለት ባለ ጠመንጃ ልጆች መጥተው «አባ፣ ይፈለጋሉ» አሉኝ። የብርጓል ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም። እኔን ሳይሆን ልጆቹን ነበር የምታያቸው፣ የማን ልጆች እንደሆኑ ለማወቅ።

ባሕር ዛፉ ውስጥ አገኘሁት። ከስቷል። ሲያየኝ ተነሣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መስቀል ሊሳለም ጎንበስ አለ። መስቀሌን ወደ ኪሴ መለስኩት።

«ምነው አባቴ?»

«ተገዝተሃላ። ባለፈው ሳምንት የላይ ሰፈር ተማሪዎችን ከወንዙ የመለሱት ያንተ ሰዎች ናቸው።»

 ከዚያ ቀና ብሎ «እነዚያ ሰዎች እርስዎን ወንበር ላይ አስቀምጠው ፎቶ አነሡ» አለኝ። «ልጆቹ ይሰብሰቡላቸው እንጂ ነገ ወታደር ያመጣሉ። ትምህርት ቤቱን ካምፕ ያደርጉታል። ያኔ ምን ሊሉ ነው?»

«ያኔ እነሱንም ተገዝታችኋል እላቸዋለሁ። ማንም ነው ያልኩት።»

«ግዝቱን ያንሡት፣ አባቴ።»

«አላነሣም።»

«እኔ ዛሬ ወይ ነገ የምሞት ሰው ነኝ። ሳይፈቱኝ ብሞትስ?»

ይህን ሲል ድምፁ ድሮ ዳዊት ሲደግም የነበረው ልጅ ድምፅ ሆነ። አንጀቴን በላኝ። «ልጆቹን አሳልፍ፣ እዚሁ ቆመህ እፈታሃለሁ» አልኩት።

«አለቃ አለብኝ።»

«እኔም አለብኝ። የእኔው ክንፍ አለው።»

ከልጆቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ደመላሽ ገላመጠው። ከዚያ «አድርሷቸው» አላቸው። ወንዙን ከተሻገርኩ በኋላ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በፊት ግን ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው።


ጥቅምት 9

ማኅሌተ ጽጌ አድረን ደክሞኛል። አበባው ሁሉ ሜዳውን ሞልቶታል። ማርያማዊት አልመጣችም። «አራሷ አልጠነከረችም» አለች የብርጓል። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት ልጠይቃት ነበር። ረሳሁት።


ጥቅምት 13

ወታደር ገባ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ። ጠዋት ልጆቹ ሲሄዱ በሩ ላይ ጠባቂ ቆሟል። መለሷቸው። ወንበሮቹን ለማገዶ እየፈለጡ ነው ይላል ፍሥሐ። ያስጠገንናቸውን።

ደመላሽ እንዳለው ሆነ። ይህን መጻፉ ራሱ ያበግነኛል።


ጥቅምት 16፣ እሑድ

ገዳሙ ቅዳሴ መጣ። ለወትሮው ለዓመት በዓል ብቻ ነው የሚመጣው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሳለም እሱም ሰልፉን ትቶ ከፊት ገባ፤ ባለሥልጣን ሰልፍ አይወድም። መስቀሌን ከፍ አደረግሁበት።

«ወታደሩ ወጥቶ በሩ እስኪከፈት ድረስ አንተም ግዝት ውስጥ ነህ።»

«አባ፣ ሰው እያየ እኮ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«የገዘትኩትም ሰው እያየ ነው።»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ለጸጥታ ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ነው። ግዝቱ ለነዚያ ነው እንጂ ለእኛ ነው እንዴ?»

«ለነዚያ ብቻ ማን አለህ?» ይህን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ።  አሁን ማን ገዛቸው ትላለች ያች የጨው ተራዋ ሴት?

የኔታ ልብሰ ተክህኖ ሲያወልቁ «አንድ እግርህ እዚያ ማዶ፣ አንዱ እዚህ ማዶ ሆነ፤ መሐሉ ወንዝ ነው» አሉኝ። «ልዋኛ!» አልኳቸው። አልሳቁም።


ጥቅምት 21

ከትናንት በስቲያ ለጥያቄ ወሰዱኝ፣ ዛሬ ለቀቁኝ። አልመቱኝም። አግዳሚ ላይ ተኛሁ። ወገቤ ተቆራርጧል።

አንድ ወጣት ኮምፒውተር ከፍቶ ጠየቀኝ። «አባ፣ የማን ደጋፊ ነዎት?»

«የሚካኤል።»

«በፖለቲካ ማለቴ ነው።»

«እኔም።»

ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው እግዜር ይወቅ። ከዚያ አንድ ወረቀት አቀረቡልኝ፤ ግዝቱ ጫካ ያሉትን ብቻ የሚመለከት ነው ብዬ በሚካኤል ክብረ በዓል ሕዝብ ፊት እንዳነበው። «እንዲህማ ከሆነ ግዝት መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ሆነ» አልኳቸው። «ማስታወቂያ ደግሞ እናንተም መለጠፍ ትችላላችሁ።» ደስ አለኝ። ያን ጊዜ እንደኔ ያለ ጀግና አልነበረም።

ከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው ገዳሙ ተናገረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አባ፣ ማርያማዊት የት ናት?»

«አምበር። አክስቷ አራስ ናት።»

«የአክስቷ የመጨረሻ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ ትምህርት ሳይዘጋ።» ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «ወታደሩ የገባው በዚህ ወር ነው። ልጅዎ ግን ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን ክፍል አልገባችም። የእኛን ተዉት። እሷን ማን አስቀራት?»

 ወጣቱ መጻፉን አቆመ።

ቤት ስደርስ የብርጓል ውኃ አሙቃ እግሬን ልታጥበኝ ጎንበስ አለች። እግሬን ሰበሰብኩ። «ማርያማዊት የት ናት?» አልኳት፣ እዚያ እንደተጠየቅሁት፣ በዚያው ቃል።

ቀና አለች። «እርስዎ» አለችኝ። በደህና ቀን አንተ ነው የምትለኝ። «እርስዎ» ካለች ነገሩ ከርሯል ማለት ነው።

«እኔ ነኝ ያስቀረኋት። እርስዎ ደረጃው ላይ ቆመው ‹ማንም ይሁን ማን› ሲሉ እኔ አሜን አላልኩም። ሰው እልል ሲል እኔ የማስበው መንገድ ላይ መጀመሪያ የምትያዘው የማን ልጅ እንደሆነች ነበር። የቄሱ ልጅ ናት። እነዚያም ያውቋታል፣ እነዚህም ያውቋታል። እርስዎን ለማስጎንበስ ከእሷ የሚሻል ምን አላቸው?»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርዎትስ? ግዝቱን ሊያነሡ ነው? ወይስ እኔን ሊገዝቱ?»

ጥምጥሜን ፈትቼ እንደገና መጠምጠም ጀመርኩ።

«ደግሞ አላወቅሁም አይበሉኝ። የእህቴን የመጨረሻ ልጅ ያጠመቁት እርስዎ ነዎት።»

ውኃው እንደቀረበ ቀዘቀዘ።


ጥቅምት 23፣ እሑድ

አልቀደስኩም። ወገቤን አሞኛል።


ጥቅምት 30፣ እሑድ

ጉንፋን። የኔታ ከጎረቤት ደብር ቄስ ተውሰው ቀደሱ። የብርጓልም ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። እሷንም ጉንፋን ይዟት ይሆናል።


ኅዳር 3

ጉንፋን አይደለም። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለ፣ ለማን ነው የምዋሸው?

በራሴ አፍ ቤቴን ገዝቻለሁ። እሷ ልጇን አስቀረች፣ እኔ እያወቅሁ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለታችንም ውስጡ ነን። ደመላሽን መስቀል ነሥቼ፣ ገዳሙን መስቀል ነሥቼ፣ እኔ እንዴት አድርጌ መቅደስ ልግባ? «ልጅቷን መልሻት» እንዳልላት ወደየት ትመልሳታለች? ክፍሉ ውስጥ ወታደር ተኝቷል። ደግሞ ልትመልሳት ብትነሣ እኔ ራሴ በሩ ላይ የምቆም ይመስለኛል። ማርያማዊትን መንገድ ላይ ሳስባት ሌሊት ተነሥቼ በሩን እፈትሻለሁ። ይህንን የብርጓል ከመስከረም ጀምሮ ብቻዋን ተሸክማዋለች፣ እኔ ጭብጨባ ስሰማ።

ያም ሆኖ ግዝቱ ስሕተት አይደለም። ይህን አሥር ጊዜ ብጠየቅ አሥር ጊዜ እለዋለሁ።


ኅዳር 7

የኔታ በትራቸውን እየደገፉ ቤት ድረስ መጡ። ተቀምጠው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ «ፍታው» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለሁሉም። ክብረ በዓሉ ደርሷል። የሚካኤልን ታቦት የውሰት ቄስ ሊሸከመው ነው? ሕዝቡ ምን ይላል? ፍታውና ሁሉም ይገላገል። አንተም፣ ሚስትህም።»

«እነሱም።»

«እነሱም» አሉ የኔታ። «ምን ይደረግ?»

እሳቸው ሳይወጡ ነው የገዳሙ መልእክት የመጣው። በበዓሉ ሕዝብ ፊት ግዝቱን ባነሣ ነገሩ ሁሉ ይረሳል። ለማርያማዊት ደብረ ማርቆስ ጥሩ ትምህርት ቤት ተገኝቶላታል፤ የሱ ዘመዶች ቤት ትቀመጣለች፤ የሚያሰጋት ነገር አይኖርም።

የብርጓል እንጀራ እያቀረበች ነበር። ደብረ ማርቆስ ሲባል እጇ ሞሰቡ ላይ ቆመ። ዓይኗ ሲበራ አየሁት።  እሷ «እሺ በል» ብትለኝ እሺ የምል ስለመሰለኝ ፈራሁ።


ኅዳር 10

ትናንትም ዛሬም አልተነጋገርንም። ዛሬ ማታ እሳቱን እየቆሰቆሰች «የሌላው ሰው ልጅስ?» አለችኝ።

«የትኛው ሰው?»

«የላይ ሰፈሮቹ። የፍሥሐ ተማሪዎች። ለእነሱም ደብረ ማርቆስ ዘመድ አለው ወይ ገዳሙ?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ተወው» አለች። አንተ አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት። አቀርቅሬ እንባዬን በጋቢዬ ጠረግሁት። ጭሱ ነው አልኳት። ጭስ አልነበረም።


ኅዳር 12፣ የሚካኤል ክብረ በዓል

በሕይወቴ የሚካኤልን ታቦት ከውጭ ቆሜ ሳየው የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ካባ አልደረብኩም፣ መስቀልም አልያዝኩም። ከገበሬዎቹ መካከል፣ ከዋርካው ሥር ቆምኩ። ሰው ያየኛል፣ ይንሾካሾካል። ገዳሙ ከእንግዶች ጋር ጥላ ሥር ቆሟል፤ ፈታ ብሎ ነበር። እንደማነሣው እርግጠኛ ነው። የደመላሽ እናት ሴቶቹ ውስጥ አለች፤ እሷም ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ታቦቱ ቆመ። ትምህርቱ አለቀ። የኔታ ወደ እኔ ዞረው «ቄስ እንዳላማው የሚለው አለ» አሉ። 

ደረጃው ላይ አልወጣሁም። ከቆምኩበት ነው የተናገርኩት። «መስከረም ላይ ማንም ይሁን ማን ብዬ ገዝቻለሁ። ግዝቱ ቤቴ ገብቷል። የእኔም ቤት ልጅ ከትምህርት አስቀርቷል። እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ስለዚህ መቅደስ አልገባሁም፣ ታቦት አልተሸከምኩም። ፍታው ያሉኝ አሉ። ለቤቴ ያልፈታሁትን ለማንም አልፈታም። ተናግሬያለሁ።»

 ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ቤቴ አይበል። እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»

የብርጓል ናት። ታቦት በቆመበት ከእልልታ በቀር ሴት ድምፅ አታሰማም። ያሰማችው የእኔ ሚስት ናት፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ። «ፈርቼ ነው» አለች። «የማትፈራ እናት ካለች ትምጣና ትውቀሰኝ።»

ማንም አልመጣም። የኔታ ምልክት ሰጡ፣ ከበሮው ተመታ፣ ታቦቱ ተነሣ። ገዳሙ እልልታው ሳያልቅ ሄደ። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም፤ እሷን ብቻ ነበር የማየው።


ኅዳር 13

ስነሣ የብርጓል የለችም። ጎረቤት «ሌሊት ከነጋዴዎች ጋር ተነሥታለች፣ አምበር ነኝ ብላለች» አለችኝ። ሳትነግረኝ። ጸሎት ያዝኩ። ጸሎቱ ደግሞ አልያዝልኝ አለ።


ኅዳር 14

አመሻሽ ላይ ገቡ። ማርያማዊት ቁመቷ ከእናቷ እኩል ሆኗል። «አባዬ፣ ከስተሃል» አለችኝ። የጻፍኩት እንዳይረጥብ እዚህ ላይ አቆማለሁ።


ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጠዋት የብርጓል የማርያማዊትን ጸጉር ጎንጉና ጨረሰች። ደብተሯን ሰጠቻት። እኔ ጥምጥሜን አስተካክዬ በትሬን አነሣሁ።

«አንተ ወዴት ነህ?» አለችኝ።

«ከእናንተ ጋር ነዋ!»

«ቁጭ በል። አንተ ከመጣህ ፖለቲካ ይሆናል። እኔ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርስ እናት ነኝ።»

ሁለት ወር ሙሉ ስጮህበት የነበረው ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ቁጭ አልኩ። ቁጭ ማለት ግን አልቻልኩምና እነሱ ሲርቁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ወጣሁ፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለቱ ብቻ ነበሩ መንገዱ ላይ፣ እናትና ልጅ። እዚያ ግንቡ ላይ ተደግፌ ያልጠራሁት መልአክ የለም። የታችኛው ሰፈር ጋ ሲደርሱ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ወጣች። ከዚያ ሌላ። የበዓሉ ዕለት «የማትፈራ እናት ትምጣ» ስትል ያልመጡት ናቸው፤ ዛሬ እየፈሩ መጡ። ከወንዙ በኩል ደግሞ አንዲት አሮጊት ትንሽ ልጅ እጁን ይዛ ስትወጣ አየሁ። የደመላሽ እናት ናት። ልጁ የደመላሽ ልጅ ነው። ከወንዙ ማንም አልመለሳቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ የብርጓል ናት፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ስትከራከር ውላ። ጠባቂው «ዝግ ነው» አላት። «ዝግ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልጄን ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ አሁን አምጥቻታለሁ፤ ከዚህ ወዲያ የሚያስቀራት አንተ ነህ» አለችው። ጠባቂው የገበሬ ልጅ ነው መሰል፣ መስቀል ካንገቱ አለ፣ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና ሊጠራ ገባ። አለቃው ወጣ። ጮኸ። ስልክ ደወለ። ደግሞ ጮኸ። ሴቶቹ በሩ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ልጆቹን ከፊት አስቀመጡ። ፍሥሐ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣና የግቢውን ቆርቆሮ በር እንደ ሰሌዳ ይዞ ማስተማር ጀመረ። ክፍልፋይ ነው ያስተማረው፤ ማርያማዊት መልሱን ከሱ ቀድማ ተናገረች አሉ። አለቃው እስከ ቀትር ቆሞ አያቸው። በሩ አልተከፈተም። ግን ማንም አልበተናቸውም።

ነገ ይበትኗቸው ይሆናል። ነገ መንገድ ላይ ያልታሰበ ነገር ይኖር ይሆናል። የማርያማዊት እናት ይህን ሁሉ ታውቃለች። ፈርታለች። እራቷን አልበላችም።

የኔታ አመሻሽ ላይ መጡ። የብርጓልን እኔ ፈታኋት፤ ልጇን መልሳለችና። መስቀሉን ግንባሯ ላይ ሳኖር ዓይኗን አልጨፈነችም፣ ታየኝ ነበር። ራስን መፍታት የለምና እኔን የኔታ ፈቱኝ። የቀሩት ሁለቱ፣ ደመላሽና ገዳሙ፣ በግዝት እንደታሰሩ ናቸው፣ አንዱ መንገዱን፣ ሌላው በሩን እስኪከፍቱ። «ነገስ ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ የኔታ። «ልትሰብክ ነው?»

የብርጓል መለሰችላቸው። «ጠመኔው ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል። ፍሥሐ ዛሬ ሙሉ ቀን በከሰል ነው የጻፈው፣ ከሰሉም አለቀ።»

ስለዚህ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ቁይ እወርዳለሁ፣ ከአብዱረዛቅ ሱቅ ጠመኔ ላመጣ። በሩ ጋ አልቀርብም፣ ለአንዲቱ እናት አቀብዬ እመለሳለሁ። ይህንንም ፖለቲካ ነው የሚል ካለ ይበል፤ ጠመኔውን ግን አመጣለሁ።